ሳይሸፈን ይነበብልኝ ያሉት የወይዘሮ ሚትሱዮ ካጂዋራ ሕይወት

ወይዘሮ ሚትሱዮ ካጂዋራ ከአባታቸው ከአቶ ሰይጂ ኢዋሞቶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቶሜ፣ በጃፓን አገር በሺማኔ ግዛት፣ ሃማዳ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1946 ተወለዱ። አባታቸው ጀልባ ጠጋኝ ነበሩ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሃማዳ ጨርሰው፣ በዓሣ ማድረቂያ ቤት ለአምስት ዓመት ሠሩ። አብሮ አደጎቻቸው እንደሚሉት እጃቸው ፈጣን ነበር፣ አፋቸው ደግሞ ከእጃቸው ይቀድም ነበር።

በ1970 የካጂዋራ ቤት የበኩር ልጅ ከሆኑት ከአቶ ታዳሺ ጋር በወግ ተጋብተው፣ ዮሺኖ የተባለች ሴት ልጅና ኬንጎ የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። የበኩር ልጅ ሚስት መሆን ቀላል ሸክም እንዳይደለ ያገባ ያውቀዋል። በየማለዳው ለቤቱ ሙታን በቆመው መሠዊያ ፊት ትኩስ ሩዝና ሻይ የምታቀርበው እሷ ናት። ወይዘሮ ሚትሱዮ ይህን ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳያጓድሉ አደረጉ።

በ1992 ባለቤታቸው ወደዚህ፣ ባንኮክ አጠገብ ወዳለችው ስሪራቻ፣ ወደ ሽቦ ፋብሪካው ተዛወሩና አብረው መጡ። ልጆቻቸው ለትምህርት እዚያው ቀሩ። ወይዘሮ ሚትሱዮ የአገሩን ቋንቋ ባለማወቅ አፋቸው ተይዞባቸው፣ ገበያ ላይ በጣት እየጠቆሙ ይገዙ፣ ቤት ገብተው ያለቅሱ ነበር። ያን ጊዜ እዚህ ላለነው ጃፓናውያን ወንጌል ያገለግሉ የነበሩት ወይዘሮ ኡራቤ በራቸውን አንኳኩ።

«ኑ፣ መዝሙር እንዘምራለን» አሏቸው።

«እኔ መዝሙር አልችልም።»

«የሩዝ ድብልብል መብላትስ ይችላሉ?»

እንዲህ ሆነው ሄዱ። በ1994 ባንግ ሴን ባሕር ውስጥ ተጠመቁ። ማዕበሉ ከዳር ያስቀመጡትን ጫማ ወሰደባቸውና በባዶ እግራቸው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «ሰይጣን ነፍሴን ቢያጣ ጫማዬን ይዞ ሄደ» ብለው ሁሉንም አሳቁ።

ወይዘሮ ኡራቤ በ1996 ወደ አገራቸው ሲመለሱ የረቡዕ ጉባኤው በእሳቸው ሳሎን ሆነ። የወለደችውን ያርሱ ነበር፣ የታመመውን ሐኪም ቤት ይወስዱ ነበር። ጡረታ ወጥተው እዚህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን በየፎቁ እየወጡ ይጠይቁ ነበር። ከደረጃው ሥር ሆነው፣ «ጋሼ ኦዳካ! በሕይወት አሉ?» ብለው ሲጮኹ፣ ጋሼም «ሾርባ ከያዙ አለሁ! ባዶ እጅዎን ከሆነ ሞቻለሁ!» ይሏቸው እንደነበር ብዙዎቻችን በጆሯችን ሰምተናል።

ወገኖቼ፣ እስከዚህ ድረስ ያነበብነው አበባው ነው። ወይዘሮ ሚትሱዮ ግን፣ «አበባውን ብቻ እንዳታነቡ፣ እሾሁም የእኔ ነው» ብለው አዘዋል። ትእዛዛቸውን እንፈጽማለን።

በ2003 አማታቸው፣ የባለቤታቸው አባት፣ አረፉና ለቀብር ወደ ጃፓን ሄዱ። በዚያ ቀብር ላይ ቤተሰብ ሁሉ በሰልፍ እየቀረበ፣ ዕጣን በሦስት ጣት ቆንጥሮ፣ ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ ፍሙ ላይ ይጨምራል። ጉባኤያችን ይህን ለሙታን እንደ መስገድ ይቆጥረዋል። ወይዘሮ ሚትሱዮም እጃቸውን አጣጥፈው ለእግዚአብሔር ብቻ ጸልየው እንደሚያልፉ ለእኅቶች ነግረው ነበር። እኅቶችም ሦስት ቀን ጾሙላቸው።

ተራቸው ደረሰ። የቤቱ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያያል። አማታቸው፣ የሟች ባለቤት፣ አንገታቸውን አዙረው አዩዋቸው። ወይዘሮ ሚትሱዮ ሦስት ጊዜ ቆነጠሩ፣ ሦስት ጊዜ ጨመሩ፣ ጎንበስ ብለው ተመለሱ።

ይህ ድካም ነው። እሳቸውም፣ «ድካሜንስ ጌታ ያውቀዋል» ይሉ ነበር። ያሳፈራቸው ከዚያ የቀጠለው ነው። ስሪራቻ ሲመለሱ እኅቶች በር ላይ ተሰብስበው ጠበቋቸው።

«እትዬ፣ እንዴት ሆነ? አለፉት?»

እሳቸውም ፊታቸውን አይተው፣ «ጌታ አቆመኝ፣ አልነካሁትም» አሉ።

እልል ተባለ። ምስክርነቱ በጽሑፍ ወጥቶ በባንኮክና በጃካርታ ላሉ ጃፓናውያን ጉባኤያት ተላከ። በሰልፉ ላይ ከኋላቸው ቆማ የነበረችው የባለቤታቸው እኅት፣ ዛሬ የምናነበውን ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው፣ እውነቱን በዓይኗ አይታ ነበር። የምስክርነቱ ጽሑፍ ሲደርሳት እሷም ዝም አለች።

በጉባኤው ውስጥ ወይዘሮ ቺግሳ ኒሺኦ የምትባል፣ ወይዘሮ ሚትሱዮ እንደ ልጃቸው በእምነት ያሳደጓት አማኝ ነበረች። በ2005 ከባሏና ከአምስት ዓመት ሴት ልጇ ጋር ወደ ጃፓን ተመለሰች። በዓመቱ አማቷ ሞቱ። ቺግሳ ያንን ምስክርነት በልቧ ይዛ በዕጣኑ ፊት ቆመች፣ እጇን አጣጥፋ ጸለየች፣ አልነካችውም። ቤተሰቡ ከቤት አስወጣት፣ ባሏም ፈታት። ልጇ እዚያው ቀረች፣ እንድታያትም አልተፈቀደላትም። ለወይዘሮ ሚትሱዮ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«እትዬ፣ እንዳስተማሩኝ አለፍኩት። ጉልበቴ ግን በጣም ተንቀጠቀጠ። የእርስዎስ ጉልበት አልተንቀጠቀጠም ነበር?»

ወይዘሮ ሚትሱዮ ያንን ደብዳቤ በሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ደብቀው ሦስት ዓመት ያህል ኖሩ። ሩዝ በቀዱ ቁጥር ያዩት ነበር። በየረቡዑ ያስተምሩ ነበር፣ ሰውም ይባርካቸው ነበር።

በ2009 ቺግሳ ወደምትሠራበት ናጎያ ከተማ፣ የምሳ ሣጥን ወደሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ሄዱ። ነጭ ቆብ አድርጋ ወጣች።

«ቺግሳ፣ እኔ ዕጣኑን ነክቼዋለሁ» አሏት። «አልነካሁም ያልኩት ውሸት ነው።»

ቺግሳም፣ «እትዬ፣ ፈርቼ ነካሁ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እኔም ፈርቼ እነካ ነበር። ልጄም ዛሬ ከእኔ ጋር ትሆን ነበር» አለች። በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

ወይዘሮ ሚትሱዮ ተመልሰው ይህን ሁሉ በጉባኤው ፊት ቆመው ተናገሩ፣ ማስተማርም አቆሙ። እስከዚያ ቀን ጉባኤው ደጃፍ ያልረገጡት ባለቤታቸው አቶ ታዳሺ፣ «ይህችን አፈኛ ሴት እንዲህ የሚያናዝዝ አምላክ ካለ፣ እኔም ልየው» ብለው በሚቀጥለው ረቡዕ መጡ፣ በ2010 ተጠመቁ።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ሚትሱዮ ሥራቸው በራፍ ላይ ሆነ። ወደ ጉባኤው የገባ ሰው ያወለቀውን ጫማ፣ ሲወጣ እንዲመቸው፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው ይደረድሩ ነበር። «እትዬ፣ ይተዉት፣ ልጆች ያደርጉታል» ስንላቸው፣ «መግቢያውን ሳስተምር ኖርኩ፤ ሰው ሲወጣ ምን እንደሚያገኘው አላሰብኩም» ይሉን ነበር። ለቺግሳ በየአዲስ ዓመቱ ይጽፉ ነበር። መልስ አልመጣም።

በ2022 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። በዓመቱ ከሐምሌ መባቻ ጀምሮ አልጋ ያዙ። ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት ከቺግሳ ደብዳቤ መጣና ልጃቸው ዮሺኖ አነበበችላቸው፦

«እትዬ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ ብል እኔም እዋሻለሁ። ለቀብርዎ ግን እመጣለሁ። አበባ አስቀምጥ አላስቀምጥ፣ እዚያ ስቆም ነው የማውቀው።»

ወይዘሮ ሚትሱዮ ሁለት ጊዜ አስነበቡት። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ እውነት ትናገራለች» አሉና አለቀሱ። ከዚያም ዛሬ የምንፈጽመውን አዘዙ።

ወይዘሮ ሚትሱዮ ካጂዋራ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ ሐምሌ 9 ቀን 2023 ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት አርፈዋል። ባለቤታቸውን አቶ ታዳሺን፣ ልጆቻቸውን ዮሺኖንና ኬንጎን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ይህችንም ጉባኤ ትተው ሄደዋል። ቺግሳንም ከልጆቻቸው ጋር እንድንጽፍ አዘዋል፣ ጽፈናል።

ወገኖቼ፣ አሁን አንድ በአንድ እየቀረብን በሣጥናቸው ላይ አበባ እናስቀምጣለን። የፈለገ ጎንበስ ይበል፣ ያልፈለገ ቆሞ ይለፍ፣ አበባውን ይዞ የሚመለስም ይመለስ። የእሳቸው ትእዛዝ አንዲት ናት፦ ማንም ሰው ተራው ደርሶ ሲቆም፣ ሌላው አንገቱን አዙሮ እንዳያየው። ዓይናችሁን መሬት ላይ አድርጉልኝ። ጫማዎቻችሁም ወደ መውጫው ዞረው ይጠብቋችኋል።

ድካማቸውን የሚያውቅ ጌታ ነፍሳቸውን ሳያሳፍር ይቀበልልን። አሜን።