አንድ ተወካይ ይበቃል

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ
ካዛንቺስ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ዛሬም ተጨበጨበ። ቧንቧና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በስልክ የሚያስጠራው አፓችን እንደዛሬ ጥሪ አግኝቶ አያውቅም። አለቃችን ተስፋለም ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እኛ ሠራተኛ ሳንሆን ፋሚሊ ነን አለ። ፋሚሊ ከሆንን ምሳ ለመውጣት ለምንድነው የምናስፈቅደው? አብሬ አጨበጨብኩ እንጂ… ኢንቨስተሮቹ የሚመጡ ዕለት «ሲሃም ቲም ሊደር ሆናለች» ብሎ ሊያስተዋውቀኝ ነው። እናቴ ከሰማች ሰፈሩን በሙሉ ታዳርሰዋለች።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ
የነጋሳ እናት አረፉ። አጠገቤ የሚቀመጠው ዝምተኛው ፕሮግራመር። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት… ኢንቨስተሮቹም ነገ ስድስት ሰዓት። ተስፋለም ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ «ለልቅሶው አንድ ተወካይ ይበቃል። ሌላው ቦታው ላይ ይገኝ።» ከሥሩ የሚያለቅስ ኢሞጂ። ለልቅሶ ተወካይ ይላካል እንዴ?
እጸገነት ከሂሳብ ክፍል ደውላ ምን አሰብሽ አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ወላሂ ሹመቱን በጣም ነው የምፈልገው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ
ሄድኩ። ከቢሮ በቀጥታ ወደ ቀብሩ።
ነጋሳ ሲያየኝ እጄን ይዞ አለቀሰ። ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥን እጸገነት መጣች። ከዚያ ጥሪ የሚቀበለው ጠልሐ፣ ከዚያ የጽዳቷ ሸዋአየሁ… በቃ ቢሮው ተገልብጦ መጣ። እንግዶቹን ተስፋለም ብቻውን ተቀበላቸው አሉ። ሹመቱ ቀረ ማለት ነው። ስልኬን አጥፍቼ ንፍሮ ስበላ ዋልኩ።

ጥር 6፣ ረቡዕ
ድርጅቱ ተዘጋ። ኢንቨስተሮቹ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሱም ነበር። ተስፋለም በቴክስት አሰናበተን። ወንበሮቹን ሲያወርዱ አየሁና… አሳዘነኝ ልበል? ትንሽ።
ነጋሳ «ይህንኑ ሥራ እኔና አንቺ እንሞክረው» አለኝ። ያበደ መሰለኝ። እሺ አልኩት።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ
ኡራኤል የተከራየናት ክፍል ሦስታችንን ብቻ ነው የምትችለው… እኔን፣ ነጋሳን፣ እጸገነትን። ሥራው ግን ይመጣል፣ አልሐምዱሊላህ።
ዛሬ በሩ ተንኳኳ። ተስፋለም። ከስቷል። ሥራ ፍለጋ ነው ብዬ የምለውን አዘጋጅቼ ጠበቅኩት። እሱ ግን እኔን አልፎ ነጋሳ ፊት ቆመ።
«እናትህን ሳልቀብር ቀረሁ። እግዜር ያጽናህ» አለው።
በስንት ወሩ!  ነጋሳ ተነስቶ የራሱን ወንበር ሰጠው። እጸገነት ሻይ ልታዝ ወረደች። እኔ ያን ሁሉ ንዴቴን ብፈልገው አጣሁት።
ሰውየው ስለ ሥራ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። ነጋሳ ዞር ብሎ አየኝ፣ «ሽያጭ ላይ ሰው ያስፈልገናል ስትይ አልነበር?»
ስል ነበር… ደውልለት፣ ሰኞ ይምጣ አልኩት።