የዱመርሶን አፈር እንደገና የጻፉት የአቶ ገበየሁ ተክለማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ገበየሁ ተክለማርያም ከአባታቸው ከአቶ ተክለማርያም በዛብህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ኃይለኢየሱስ መጋቢት 12 ቀን 1953 ዓ.ም. በዲላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሸዋ መጥተው በዲላ ገበያ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። አቶ ገበየሁም የነጋዴ ልጅ ናቸውና ጭቃ እንዳይነኩ ተከልክለው አደጉ። የዲላ ቀይ ጭቃ ከነጭ ሸሚዝ እንደማይለቅ የሚያውቅ ሰው በእናታቸው አይፈርድም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1972 ዓ.ም. እርሻ ኮሌጅ ገቡ። እዚያም አንድ መምህር ተማሪዎቹን ወደ መንገድ ዳር ገደል ወስደው ከቀዩ አፈር አንድ ጓል እንዲሰብሩ አዘዟቸው። አቶ ገበየሁ በእጃቸው ሲፈረክሱት የጓሉ ገጽ በዘይት የተወለወለ ይመስል አብረቀረቀ። በሙያው ቋንቋ ኒቲሶል ይባላል፤ ስሙም ከዚሁ ከሚያብረቀርቅ ገጹ የመጣ ነው። እናታቸው ሃያ ዓመት ከሸሚዛቸው ሲያራግፉት የኖሩት ጭቃ ስም ያለው፣ ወገን ያለው፣ ጠባይ ያለው ነገር መሆኑን የዚያን ቀን አወቁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መማር አልፈለጉም።

በ1975 ዓ.ም. በአፈር ጥናት ባለሙያነት ተቀጥረው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመለሱ። እርጥብ አፈር በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል እያሹ ሸክላው ምን ያህል እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ የቤተ ሙከራው ውጤት ሲመጣም ብዙ አይለያይም። በመንገድ ላይ መኪና አስቁመው የተቆረጠ ገደል ሲጭሩ ስንት ጊዜ ሠርግ እንዳረፈዱ ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

በ1981 ዓ.ም. ከልብስ ስፌት ባለሙያዋ ከወይዘሮ ቆንጅት ሰብስቤ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ሀኒን፣ ነብዩንና ባርኮትን አፍርተዋል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የመጀመሪያ ልጃቸው ሀኒ ናት። የጻፈችው ተቆጥታ ነው። በለቅሶ ላይ ቁጣ አይገባም ብለው የመከሩ ዘመዶች ነበሩ፤ አባቷ ግን ሳይሞቱ ፈቅደውላታል።

አሁን የሚነበበው በሌላ ሰው የሕይወት ታሪክ ውስጥ የሚዘለለው ክፍል ነው።

በ1996 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መሥሪያ ቤታቸው የአካባቢውን የአፈር ካርታ እንዲያዘጋጁ መደባቸው። ለአሥራ ሰባት ቀበሌ የተሰጣቸው አሥራ አንድ ቀን ነበር። ከቀበሌዎቹ አንዱ የሆነው ዱመርሶ ሲደርሱ ዝናብ ይወርዳል። የአካባቢው ሰው ደግሞ እንግዳ ደጅ ቆሞ ሲያይ አያስችለውም፤ አቶ ሲላስ የሚባሉ ገበሬ አቶ ገበየሁን ከነባልደረቦቻቸው ቤት አስገብተው ቆጮና ጎመን አቀረቡላቸው። በልተው ሲወጡ ወደ እርሻው የሚወስደው ቁልቁለት ሳሙና ሆኗል። እንሰት የተተከለበት ጓሮ ግን እዚያው ከቤቱ ጀርባ ነው። አቶ ገበየሁ ጓሮውን ቆፈሩ። እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁር፣ ልል፣ ትል የሞላበት አፈር አገኙ። ሁለት ሜትር መውረድ ሲገባቸው ውሃ ገባ ብለው በግማሹ አቆሙ። ናሙናውን በከረጢት አስረው «ዱመርሶ» ብለው ጻፉበት። ካርታው በ1998 ዓ.ም. ሲታተም ቀበሌው በሞላ ጥቁር፣ ለም፣ አሲድ የሌለበት ተብሎ ወጣ።

አፈር በላይኛው ቀለሙ ብቻ አይመደብም። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ሽፋን በሽፋን ታይቶ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ተጠይቆ ነው ስም የሚሰጠው። አቶ ገበየሁ ይህንን ለወጣት ባለሙያዎች ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የጌዴኦ ጓሮ የጠቆረው በተፈጥሮው አይደለም፤ ሴቶቹ ከእናት እስከ ልጅ ልጅ በየማለዳው ፍግ፣ አመድና የጓዳ ጥራጊ እየተሸከሙ ስለደፉበት ነው። የብዙ ሴቶች የዕድሜ ልክ ድካም «የተፈጥሮ ለምነት» ተብሎ ተመዘገበ። ከጓሮው ሃያ እርምጃ ወረድ ሲሉ፣ በቆሎና ቦሎቄ የሚዘራበት ተዳፋት ላይ ያለው ግን ያ ቀዩ፣ ጥልቁ፣ ዝናብ ደጉን አጥቦ የወሰደበት ኮምጣጣ፣ አሲዳም አፈር ነው። ለአዝመራው የሚሆነውን ንጥረ ነገር ቆልፎ ይይዛል እንጂ አይለቅም። ቁልፉን የሚፈታው ኖራ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ኮምጣጣ አፈር ላላቸው ቀበሌዎች ኖራ መታደል ጀመረ። ዱመርሶ በካርታው ምክንያት ከዝርዝሩ ውጭ ሆነ። በዚያው ዓመት አቶ ሲላስ ከነሥሩ የተነቀለ በቆሎ በፌስታል ይዘው ዲላ ቢሮ ድረስ መጡ። ሥሩ አጥሮና ደንዝዞ የጣት ያህል ነበር። «ጋሽ ገበየሁ፣ የኖራው መኪና በእኛ በር አልፎ ሄደ። ወረቀቱ የእናንተ አፈር ጥሩ ነው ይላል። ወረቀቱን አፈሩን ማን አሳየው? ያኔ በዝናቡ ቀን የቆፈሩት እኮ እናቴ አመድ የምትደፋበት ጓሮ ነው። እርሻ ታች ነው!» አሏቸው።

አቶ ገበየሁ በማግስቱ ዱመርሶ ወርደው ተዳፋቱን ራሳቸው ቆፈሩ፤ ሁለት ሜትር ሙሉ። ከጉድጓዱ ወለል ያወጡትን ጓል ሲሰብሩት አብረቀረቀ። አቶ ሲላስ እንደሚናገሩት ጓሉን ይዘው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። ቤታቸው ሲመለሱ ለባለቤታቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቆንጅት፣ ሰው በድያለሁ» አሉ።

ሰው ይሳሳታል። ሀኒ በአባቷ ስህተት አትናደድም፤ ተናደው የጨረሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የሚያናድደው ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። አቶ ገበየሁ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ካርታው ይታረም ብለው ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፉ። በአምስቱ ላይ መልስ አልመጣም። በሦስቱ ላይ ጉዳዩ እየተጠና ነው ተባለ። አንዱ ላይ የመጣው መልስ ደግሞ ካርታው ልምድ ባላቸው ባለሙያ በአቶ ገበየሁ ተክለማርያም የተዘጋጀ በመሆኑ ሊጠራጠሩት እንደማይገባ ይገልጻል። የገዛ ስማቸውን አፋቸው ላይ ወተፉት! በጊዜው የነበሩ አንድ ኃላፊም ቢሯቸው አስጠርተው፣ «ጋሼ፣ አንዱን ከነካነው ሌላውም ይነሳል፤ ስንት ዕቅድ የተሠራበት ካርታ ነው፤ ይተዉት» ብለዋቸዋል። አልተዉትም።

በ2012 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ በአዳራሽ በዓል አዘጋጅቶ ለካርታው የምስጋና የምስክር ወረቀት ሊሰጣቸው ጠራቸው። መድረክ ላይ ወጥተው ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉና፣ «ይህ ካርታ ዱመርሶ ላይ ስህተት ነው፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ» አሉ። መድረክ መሪው ቶሎ ብሎ ድምፅ ማጉያውን ተቀበላቸውና ስለ ትሕትናቸው አመሰገናቸው። ሕዝቡም አጨበጨበ። አቶ ገበየሁ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ተዋርደው አያውቁም፤ የምስክር ወረቀቱንም ቤት ሳያደርሱ በጀርባው የጉድጓድ ልኬት ጻፉበት።

አዳራሹ ሲያጨበጭብ አቶ ሲላስ የት ነበሩ? ቦሎቄው ቢጫ እየሆነ ሲያስቸግራቸው ተዳፋታቸውን ባሕር ዛፍ ተክለውበት፣ በሃምሳ ዓመታቸው ጨለለቅቱ ከተማ ባለ ቡና ማጠቢያ የሰው ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲያገላብጡ ይውሉ ነበር። መሬት ያለው ሰው የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ ለምን ቢባል መሬቱ ጥሩ ነው ተብሎ ስለተጻፈ። ይህንን ሰምቶ የማይቆጣ ሰው ካለ ሀኒ ልታገኘው ትወዳለች።

በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ አቶ ገበየሁ አካፋና የአፈር ቀለም የሚያመሳክሩበትን መጽሐፍ ይዘው በሞተር ሳይክል ጀርባ እየተፈናጠጡ ዱመርሶንና ኢዲዶን ዞሩ። ከአሥራ ሰባቱ ቀበሌ አንዱ የሆነው የኢዲዶ ናሙናም እንደዚያው ከጓሮ የተወሰደ ነበር። በሦስት ዓመት አርባ ሦስት ጉድጓድ ቆፈሩ፤ አንዱንም በግማሹ አላቆሙም። የኢዲዶ ልጆች «የጉድጓዱ ጋሼ» አሏቸው። ወይዘሮ ቆንጅት ሸሚዝ ማጠብ ቢያታክታቸው፣ «ምነው፣ መሬት ለመግባት እንዲህ ያስቸኮለህ?» እያሉ ይቆጡ ነበር፤ ዛሬ ይህን ቃላቸውን እያስታወሱ ያለቅሳሉ። የአርባ ሦስቱ ጉድጓድ ውጤት በጥራዝ ተዘጋጅቶ በ2016 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ ገባ። ገቢ ተደርጓል የሚል ማኅተም ተመትቶበታል። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

አቶ ገበየሁ ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ድካም በዲላና በሐዋሳ ሲታከሙ ቆዩ። መጨረሻ ላይ አልጋ ሲይዙ ሀኒን አስጠጉና፣ «ስሞት የሕይወት ታሪኬ ታትሞ ለለቀስተኛው ይታደላል አይደል? ስንት ቅጂ ይታተማል?» ብለው ጠየቋት። ሀኒ አባቷ ሞታቸውን ያሰቡ መስሏት እንባ ሲቀድማት፣ «አታልቅሺ፤ እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ይህ ወረቀት ማኅተም አይፈልግ፣ የኃላፊ ፊርማ አይፈልግ። ሰው ሁሉ ቤቱ ይዞት ይገባል። እርማቱን እዚያ ላይ አውጪልኝ» አሏት። ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

በማግስቱ ጠዋት ከመሥሪያ ቤታቸው የአበባ ጉንጉንና በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዲገባ የተባለ አንድ አንቀጽ መጣ። አንቀጹ «ዘመን የማይሽረው ካርታ አዘጋጅ» ይላቸዋል። ጉንጉኑ መቃብሩ ላይ ይቀመጣል። አንቀጹ አልገባም። በእሱ ቦታ እሳቸው በመጨረሻ ቀናቸው ያስጻፉት ገብቷል፤ ቃሉም ይህ ነው፤

«የዱመርሶና የኢዲዶ ሰዎች፣ ጥቁሩ አፈር የጓሯችሁ ብቻ ነው፤ እሱንም የሠሩት እናቶቻችሁ ናቸው። ከቤት ሃያ እርምጃ ወዲያ ያለው ቀይ፣ ጥልቅ፣ ኮምጣጣ ሸክላ ነው። ኖራ ይገባዋል፤ ጠይቁ። ናሙና ልውሰድ የሚል ባለሙያ ሲመጣ ቤት አስገብታችሁ አብሉት፤ ደግነታችሁ አይቅር። በልቶ ሲነሳ ግን ጓሮ እንዳይቆፍር፤ እጁን ይዛችሁ ቁልቁል አውርዱት። ዝናብም ቢሆን አውርዱት። በ1998 ዓ.ም. ካርታ ላይ የተጻፈው ስህተት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ገበየሁ ተክለማርያም።»

ይህ ጽሑፍ በስድስት መቶ ቅጂ ታትሟል። ሁለት መቶው ዛሬውኑ ወደ ዱመርሶና ኢዲዶ ይሄዳል።

መቃብሩን የቆፈሩት አቶ ሲላስና ከዱመርሶ አብረዋቸው የመጡ ስድስት ሰዎች ናቸው። የዕድሩ ሰዎች ይበቃል ቢሏቸው አቶ ሲላስ አካፋውን አልሰጥም ብለው ሁለት ሜትር ሙሉ አወረዱት።

አቶ ገበየሁ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቆንጅትን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ኤልሮኢን ትተው ሄደዋል። ጥፋቱን ያልሸሸገ ልብ የማይንቅ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። እዚህ ከፊት ወንበር ለተቀመጣችሁት የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊዎችም ዕድሜ ይስጥልን፤ ካርታውን እስክታርሙ ድረስ።