ለአንድ ሰው የሚበቃ ማሽን

ውድ ባለቤቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽና ከአንድ ሰውዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ሰውዬውን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ መሆኔን እወቂልኝ። እናትሽ አልጻፉልኝም፤ መምህሬም አላረመችልኝም። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ከክፍሉ ማን አንደኛ ወጣ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ራሴን ማሞገስ አልወድም፤ ግን እኔ ነኝ። መምህራችን ጽሑፍህ እንደተላገ ጣውላ ነው ብላኛለች። አጠገቤ የሚቀመጠው ዘበኛ እንደዚያ አላለችህም፣ ላጲስ አታብዛ ነው ያለችህ ይላል። እሱ ሁለተኛ ስለወጣ ቅናት ነው የሚያናግረው። ቅናት ደግሞ ክፉ ነገር ነው። ከየት እንዳወቅኩት አሁን እነግርሻለሁ።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩሽ ይገባሻል። በስልክ እኔ እቀልዳለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ ከዚያ ሒሳብ ያልቅና የምሩ ነገር ሳይነገር ያድራል። ወረቀት ግን አይስቅልኝም። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይለኛል።

ማሽናችንን የገጣጠምን ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጠረጴዛውንና እግሩን እኔ ሠራሁ፤ ሦስቱን ሞተሮችና ያን ሁሉ ሽቦ አንቺ። ኮምፒውተሩ ላይ የሣልሽውን አበባ ማሽኑ ራሱ ጣውላ ላይ ሲቀርጸው ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። ሰው ሲጠይቀኝ ሁሉንም እኔ ሠራሁት እላለሁ፤ እሱንም ታውቂያለሽ፤ አንድም ቀን አላሳፈርሽኝም።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት የጣውላው ፊት የት ላይ እንደሆነ ለማሽኑ ማሳወቅ አለብን። ካላሳወቅነው ወይ ስለቱ አየር ሲቆርጥ ይውላል፣ ወይ ጠረጴዛውን ይበሳል። አንቺ ጉንጭሽን ጣውላው ላይ ታስተኚና አንዲት ቀጭን ወረቀት ከስለቱ ሥር ወዲያና ወዲህ ታንሸራትቻለሽ። እኔ ስለቱን በኮምፒውተሩ ቁልፍ ትንሽ በትንሽ አወርዳለሁ። ወረቀቷ አልንቀሳቀስ ስትል "ያዘ" ትያለሽ። ሰጋቱራው ቅንድብሽ ላይ አርፎ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ። እውነቱን ልንገርሽና፣ አንዳንዴ ወረቀቷ መያዟን ካንቺ ቀድሜ እያየሁ ዝም እል ነበር።

እዚያ ሌላ ከተማ ያለው ፋብሪካ ለሥልጠና ሲጠራሽ ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እስኪያይ ደረቴን ነፍቼ ሸኘሁሽ። ከዚያ ቋሚ ሠራተኛ ሁኚልን እንዳሉሽ፣ መልስሽንም በወሩ መጨረሻ እንደምትሰጪ ስትነግሪኝ እንኳን ደስ ያለሽ አልኩ። ድምፄ ላንቺ እንዴት እንደተሰማሽ አላውቅም፤ ለእኔ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ነበር። መቼ ትመጣለች ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምመልሰው አንድ ነገር ነው። መምጣቷማ ግድ ነው፣ ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል እላለሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እናትሽን ወረቀት አስያዝኳቸው። እሳቸው እንኳን ጉንጫቸውን ሊያስተኙ፣ ወረቀቷን በክንዳቸው ርዝመት ያህል ርቀው ነው የሚይዟት። ስለቱ ገና ሰማይ ላይ እያለ "ያዘ፣ ያዘ፣ አቁም" ይላሉ። እማማ፣ ገና አልነካም ስላቸው፣ "እስኪነካ ቆይቼ ጣቴን ይዞት ይሂድ?" አሉኝ። በዚያ ሳምንት የቀረጽኩት ሁሉ ጣውላውን ጭሮት ብቻ ነው ያለፈው። ደንበኛው ይህ ቅርጽ ነው ወይስ ጥላው ብሎ ጠየቀኝ።

ይህ ሳያንስ አሮጌው ኮምፒውተር ሞተ። አዲሱ ደግሞ ያ የድሮው ካርዳችን ወፍራም ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። ካርድ የሚሉት ነገር ሥራው ምን እንደሆነ አሁን በደንብ ገብቶኛል። በኮምፒውተሩና በሞተሮቹ መካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው ያደርሳል። እናትሽ የአንቺን መልእክት እያነበቡ ለእኔ እንደሚነግሩኝ ማለት ነው።

አሁን ግን እናትሽ ከዚያ ሥራ ተሰናብተዋል። ስለ ካርዱ የላክሽውን መልእክት ያነበብኩት ብቻዬን ነው፤ ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያው መልእክትሽም እሱ ነው። ስልኩን ይዤ እንጨቱ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓይነት ካርድ አለ ትያለሽ። አንዱ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ሌላው በኔትወርክ ገመድ የሚሰካ። ባልደረባዬ የኔትወርኩን ውሰድ ይላል ትያለሽ። ከካርዱ ጋር ፕሮብ ግዛ፤ ጣውላው ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ስለቱ ወርዶ ሲነካው የጣውላውን ፊት ማሽኑ ራሱ ያውቃል፤ ባለ ክሊፑን ግን አትግዛ፣ ክሊፑን ትረሳዋለህ ትያለሽ። መጨረሻ ላይ፣ "ከዚያ በኋላ ማሽኑ ለአንድ ሰው ይበቃል።"

እናትሽ ሲያነቡልኝ ነገሩ ሁሉ በእሳቸው ድምፅ ለስልሶ ነበር የሚደርሰኝ። ይቺን ግን ራሴ አነበብኳትና እንደ ምስማር ቀጥ ብላ ገባች። ማንበብ መቻል ደስ ይላል ያለኝ ሰው ሚስቱ ሌላ ከተማ አልሄደችበትም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሰውዬው ልምጣ። ስማቸውን ነግረሽኝ አታውቂም፤ ሁልጊዜ "ባልደረባዬ" ነው። እኔም አቶ ባልደረባ ብያቸዋለሁ። አክብሬ ነው የምጠራቸው፤ አንቺ ስለምታከብሪያቸው። አቶ ባልደረባ ሞተሩ ለምን እንደሚግል አስረዱሽ፤ እሺ። አቶ ባልደረባ የተሻለ ወንበር ፈልገው አመጡልሽ፤ ይሁን፤ እኔ የሠራሁልሽ ወንበር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቢቀመጥበት ምን አለበት። ከዚያ አንድ ቀን አቶ ባልደረባ ቀልደኛ ናቸው አልሽኝ። ሚስቴ፣ ሞተሩንም ሽቦውንም ይወቁት፣ አልቀናም። ቀልድ ግን የእኔ ነው። አንቺን ማሳቅ የእኔ የእንጀራ ገመዴ ነው፤ በሱ ነው ያገባሁሽ፤ መልኬን አይተሽ እንዳልሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን።

በስልክ በቪዲዮ የፋብሪካውን ማሽን ያሳየሽኝ ጊዜም አለ። ፕሮቡ እንዴት እንደሚቀመጥ ተመልከት አልሽኝ። አንድ እጅ ከጎን መጣና ፕሮቡን ብረቱ ላይ አስቀመጠው። አንቺ ስለ ፕሮቡ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ የማየው እጁን ነው። ጥፍሩ ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ ንጹሕ። እኔ የራሴን እጅ አየሁት። አውራ ጣቴ ላይ መዶሻ ስቶ የመታው ጥቁር ጥፍር አለ፤ በሙጫ የደረቀ ጣት አለ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እጄን በሳሙና ስፈትግ እናትሽ አይተው የት ልትሄድ ነው አሉኝ። የትም አልኩ።

ሱቁ የሄድኩት በዚህ ልብ ነው። እንደገባሁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ሻጩ እየሰማኝ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ሁለት ጊዜ። ሁለቱን ካርዶች አወጣልኝ። ስለቱን የሚያሽከረክረው ሞተርህ ትልቅ ነው ትንሽ አለኝ። ትልቅ ነው፣ እኔ ቤት ትንሽ ነገር የለም አልኩት። እንግዲያው ዩኤስቢውን ተወው፤ ትልቅ ሞተር ሲነሳ መስመሩን ይረብሸዋል፣ ኮምፒውተሩና ካርዱ ሥራ መሃል ላይ ይጠፋፋሉ፤ የኔትወርኩ ነው የሚሻልህ አለኝ።

"ማነው የሚሻለው ያለው?" አልኩት።

"ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ነዋ፣ ወንድሜ።"

ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ። አቶ ባልደረባ ቆመው ታዩኝ፤ ከነጥፍራቸው። ዩኤስቢውን ጠቅልልልኝ አልኩት።

ሰካሁት፤ ሠራ። ግማሽ ቀን ያህል ከእኔ በላይ ሰው አልነበረም። እናትሽን ጠርቼ አዩ፣ ይህን ካርድ ማንም አልመከረኝም፣ በራሴ ነው የመረጥኩት አልኳቸው። ከዚያ ሙሽሮቹ ያዘዙትን የአልጋ ራስጌ አስገባሁ፤ ያ ከመሄድሽ በፊት የሣልሽው፣ ሁለት ወፎች ያሉበት። ወረቀቱን እንደምንም ብቻዬን ይዤ፣ ስለቱንም አውርጄ አስጀመርኩት። አንደኛዋ ወፍ አለቀች። ሁለተኛዋ አንገቷ ላይ ስትደርስ ኮምፒውተሩ ካርዱን አላውቀውም አለ። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስለቱ ግን እዚያው አንድ ቦታ ላይ መሽከርከሩን አልተወም። ማጥፊያው ጋ እስክደርስ ጭሱ ቤቱን ሞላው። እናትሽ ምን ይሸታል እያሉ መጡ። ወፏ አንገቷ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ወጥቶባት ቆማለች። እናትሽ ጎንበስ ብለው አዩዋትና፣ "ይህንንም ማንም አልመከረህም?" አሉኝ።

ልብ በይ፣ ካርዱ አላጠፋም። እኔ ነኝ የባልደረባሽን እጅ ስሸሽ የሰው ራስጌ ያቃጠልኩት። ጣውላውን ከራሴ ተክቼ እንደገና ልሠራ ቃል ገባሁና ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ ሳቀ። "አይመለስም የሚለውን እኮ ያነበብክልኝ አንተው ነህ" አለ። ቢሆንም በኔትወርኩ ካርድ ለወጠልኝ። ይህ ካርድ ምን አድርጎህ ነው እንደዚያ የጠላኸው ብሎ ጠየቀኝ። ካርዱ ምንም አላደረገኝም አልኩት።

ከዚያ ፕሮብ አልኩ። ሁለት ዓይነት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ከሱ የሚወጣ ሽቦ ጫፉ ላይ ክሊፕ አለው፣ ክሊፑን ሁልጊዜ ስለቱ ላይ መቆንጠጥ ነው። ከረሳህ ማሽኑ መንካቱን አያውቅም፤ ብረቱን እየበሳ ይወርዳል። ሌላው ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ነው፤ ክሊፕ የለውም፤ ስለቱ ጫን ሲያደርገው ራሱ ይናገራል፤ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ማሽኑ አልነሳም ይላል። ብዙ ሰው ባለ ክሊፑን ነው የሚወስደው አለኝ።

እዚያ ቆሜ መልእክትሽ ትዝ አለኝ። ክሊፑን ትረሳዋለህ። ይህን አቶ ባልደረባ ሊሉሽ አይችሉም። ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን እርሳስ ቤት ሙሉ ስፈልግ አይተውኝ አያውቁም። ሜትሩን ይዤ በሩን ክፍት ትቼ ወጥቼ፣ ተመልሼ ደግሞ ሜትሩን ደጅ እንደምረሳው አያውቁም። ያን ሁሉ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እዚያ ሆነሽም አልረሳሽውም። ሻጩን ባለ ስፕሪንጉን ስጠኝ አልኩት። ስለዚህ ካርዱን በአቶ ባልደረባ ምክር ወሰድኩ፣ ፕሮቡን ባንቺ። መንገድ ላይ ካርዱን ከረጢት ውስጥ ጨምሬ ፕሮቡን ኪሴ ውስጥ ይዤው ሄድኩ።

የካርዱን መመሪያ ራሴ አንብቤ ገጠምኩት። እንዴት እንደገጠምኩት ብጽፍልሽ ይህ ደብዳቤ ጉራ ብቻ ይሆናል፤ ሌላ ቀን በቃሌ እነግርሻለሁ፤ ሰፊ ነው። ፕሮቡን አዲሱ ጣውላ ላይ አስቀምጬ ቁልፉን ነካሁ። ስለቱ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ነካ፣ ራሱ ተነሳ። አለቀ። ማንም "ያዘ" አላለም። እጄን የማደርግበት አጥቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሁለቱም ወፎች ከነአንገታቸው ወጡ፤ እንደዚያ ያማረ ሥራ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እናትሽ በር ላይ ቆመው ያያሉ። እንግዲህ እኔም አረፍኩ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

"እሷንስ? አሁን ለምን ትፈልጋታለህ?"

ቀልድ ፈለግኩ። ታውቂኛለሽ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ አጥቼ አላውቅም። አንድም አልመጣልኝም። እናትሽ ጠብቀው ጠብቀው፣ "ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገራት" ብለው ገቡ።

ይኸው ልነግርሽ ነው። ማሽኑ አይፈልግሽም። ካርዱም ፕሮቡም ያላንቺ ይሠራሉ፤ ትእዛዝ ሞልቷል፤ ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል ብዬ ለሰው የምነግረው ሰበብ አልቆብኛል። ማሽኑ ሳይፈልግሽ እኔ ግን በየቀኑ ወደ በሩ አያለሁ። የምፈልግሽ ለወረቀት መያዣ እንዳልነበረ ያወቅኩት አሁን ነው። ይህን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ፤ ምን ላድርግ፣ እስከዛሬ ሰበብ ነበረኝ።

ቋሚ ሥራውን ከወደድሽው ያዢው። እኔን ብለሽ አትተዪው፤ ኋላ በየጭቅጭቁ እንዳታነሺብኝ። አንቺ ከቀረሽ እኔ እመጣለሁ። ማሽኑ ብሎኑ ተፈቶ ጭነት መኪና ላይ ይወጣል፤ ጣውላ የሌለበት ከተማ ደግሞ የለም። እናትሽን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ከሹፌሩ አጠገብ ከሆነ እሄዳለሁ ብለዋል። መምጣት ከፈለግሽም ነይ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለአንድ ሰው ይበቃል ያልሽው ማሽኑን ነው ወይስ እኔን "ብቻህን መኖር ልመድ" ማለትሽ ነው? ከዚህ ሌላ የምጠይቅሽ የለም።

ለባልደረባሽ ካርዱ ጥሩ ካርድ ነው ብሏል በያቸው። ሰላምታዬንም አቅርቢላቸው፤ አጭር ሰላምታ ይበቃቸዋል። ከቀለዱም ሳቂ፤ አልከለክልሽም፤ ብቻ ጥርስሽን ሁሉ አታሳዪ።

መልስሽን በጽሑፍ ላኪልኝ። በእናትሽ በኩል አይሁን፣ በስልክም አይሁን። ፊደሉን ከፍ ከፍ፣ ራቅ ራቅ አድርጊው፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው።

ባልሽ