ለእንግዶች ስለተከፈተው ፓኬት

ለክቡር የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔና ባለቤቴ ጣይባ ከሐርቡ ሆነን ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እንመኛለን፤ በተለይም እርስዎ በሚመሩት ቤት የሚያስተኛ ሕመም አላህ እንዳያሳይዎ ዘወትር ዱዓ እናደርጋለን።

ምናልባት ካላስታወሱን፣ የሳሊሃ ወላጆች ነን። የዘጠኝ ወሯ ልጃችን ጭንቅላቷ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ሆዷ የሚያወርድላት ቀጭን ቱቦ ተገጥሞላት ነበር። በጥቅምት ቱቦው ተደፈነ። ዶክተር ሂሻም ዛሬውኑ መቀየር አለበት ብለው ወደ መጋዘን ሲልኩ፣ በእሷ ልክ የቀረው አንድ ቱቦ ፓኬቱ ተቀዶ፣ በፕላስተር ተለጥፎ መጣ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ቱቦዎቹ በእርዳታ የመጡ ዕለት ባዘጋጁት የርክክብ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ እንግዶች በላስቲክ ውስጥ ብቻ አይተው ቅር እንዳይላቸው በገዛ እጅዎ ቀደው ስላወጡላቸው። ድፎ ዳቦ ቆርሰው እጃቸውን ባልጠረጉ ሰዎች መካከል ቱቦው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ አንድ የተከበሩ እንግዳም ክፍት መሆኑን ለማረጋገጥ በአፋቸው ሲነፉበት አይቻለሁ። በወላጆች ተወካይነት ተጋብዤ ስለነበር እኔም አጨብጭቤያለሁ። ዛሬ ግን በእርስዎም በራሴም አፍራለሁ።

፪ኛ. የተነፋበትን ዕቃ እንደ ተረፈ ቆሎ ቋጥረው ወደ መጋዘን ስለመለሱት።

፫ኛ. ዶክተሩ ይህንን ቱቦ ሕፃን ውስጥ አልከትም ስላሉ፣ ንብረት ያለአግባብ ውድቅ አደረጉ ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስለሰጧቸው። እሳቸው ውሃውን በመርፌ እየቀዱ ሲያቆዩዋት፣ ሌላ ቱቦ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በስምንተኛው ቀን ሳሊሃ ፊቷን ወደ መስኮቱ ማዞር ተወች።

ልጃችን በሕይወት አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ዓይኗ ግን ጠፍቷል። ተቆጥቻለሁ ብል ውሸት ነው፤ ተጸይፌያለሁ። በዚያው ዕለት የተከፈቱ ሌሎች ሁለት ፓኬቶች ዛሬም መደርደሪያዎ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኩታበር የመጣች አንዲት እናትም ሕፃኗን ታቅፋ ተራ እየጠበቀች ነው። እባክዎ ሳይመሽ ፓኬቶቹን ያስጥሏቸው።

ለእንግዳ አክባሪነትዎ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳ፣
መምህር ዘካሪያ ኑርሁሴን

ማሳሰቢያ፦ ሳሊሃን በዓመታዊ በዓላችሁ ላይ መድረክ እንድናወጣት ቢሮዎ ደውሎልናል። እናመጣታለን። ሊያቅፋት የሚፈልግ እንግዳ ካለ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከመንካቱም በፊት ድምፁን ያሰማት፤ እንዲያ ካልሆነ ማን እንደነካት አታውቅም።