ዝቅ ያለው ፒካፕ

መቂ፣ ኅዳር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለመላው የቤቴ ሕዝብ እንዲታወቅ፦ የአሮጌው ፒካፔ ቂጥ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል።

ትናንት መካኒኩ ከድር የኋላውን ክብደት ከሚሸከመው ባሌስትራ ሁለት ብረት አወጣልኝ፤ እንዳይነጥርም አሞርዛተሩን በአዲስ ቀየረው። ያስደረግሁት ለባለቤቴ ለአሰለፈች ስል ነው። እግሯ ከከዳት ወዲህ ሰው አንሥቶ ሲጭናት፣ «የሽንኩርት ጆንያ አደረጋችሁኝ» እያለች ታለቅሳለች። ዛሬ ጧት ግን ማንም ሳይነካት ከኋላ ባነጠፍኩላት ፍራሽ ላይ ቁጭ አለች። ለሕክምና ወደ ናዝሬት ተነሣን።

መንገድ ላይ የእህል መቆጣጠሪያው ኬላ ስንደርስ ፈታሹ የመኪናውን ኋላ አየና፣ «አባባ፣ እህል ደብቀዋል። ባዶ መኪና እንዲህ አይተኛም» አለኝ።

«እህል አይደለም ጓድ፣ ሚስቴ ናት። የሚከብደው ምላሷ ነው» አልኩት።

አልሳቀም። እሷን አስወርዶ ፍራሹን ገለበጠ፤ የወለሉን ጣውላ ሳይቀር ነቀለ። ምንም አላገኘም። እሷ ግን ፀሐይ ላይ ቆማ ጉልበቷ አለቀ፤ ሁለት ፈታሾች ብድግ አድርገው ጫኗት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ ወጥቷል።

እስካሁን አላናገረችኝም። የባሌስትራውን ብረት ላስመልስ ወይስ ልተወው፣ እንጃ።

ስለ ምላሷ ቀለድኩ ያልኩት አሁን ስጽፍ ከራሴ የፈጠርኩት ነው። እዚያ ቆሜ አንዲት ቃል አልወጣኝም።