ኖራ አስቀብተው ላጠፉልን የጎርፍ ምልክት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ወንድይራድ፣
የከተማችን የጎርፍ ስጋት ጥናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎም ደኅና ናቸው? እኛ የለገ ሀርቡ ጅረት ዳር ነዋሪዎች፣ ካለፈው ነሐሴ ጎርፍ የተረፍነው ማለቴ ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ጥናቱን ከድልድዩ ላይ ሆነው ስላካሄዱ ጫማዎ አቧራ ሳይነካው ወደ ቢሮዎ በሰላም መመለሱንም ሰምተን ተደስተናል።

እኔ በጅረቱ ዳር ልብስ የምሰፋው ኡምሰልማ አብዱረዛቅ ነኝ። ሦስት ጊዜ በማመልከቻ ጠይቄ መልስ ስላጣሁ በአደባባይ ጻፈችብኝ ብለው እንዳያዝኑብኝ፤ ውለታዎን ከመቱ እስከ ቡሬ ያለ ሰው ሁሉ እንዲያውቅልዎ ብዬ ነው።

1ኛ/ ጥናቱን በጥር ስላደረጉልን እናመሰግናለን። በጥር ለገ ሀርቡን ዶሮ እንኳ እግሯ ሳይርስ ትሻገረዋለች። በነሐሴ መጥተው ቢሆን ኖሮ ውሃው መለኪያዎን ይዞት ይሄድ ነበርና፣ የመንግሥት ንብረት ከጥፋት አድነዋል።

2ኛ/ ከጥናቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከጥናት ቡድኑ ጋር እንግዶች ስለሚመጡ በጅረቱ ዳር ያለ ግድግዳ ሁሉ ኖራ ይቀባ ብለው በፊርማዎ አዘዙ። እኛም እንግዳ ሲመጣ ቤት አሳምሮ መጠበቅ ልማዳችን ነውና፣ ጎርፉ በየግድግዳችን ላይ ትቶት የሄደውን ቡናማ መስመር ሳናስበው አብረን ቀባነው። በእኔ ቤት መስመሩ እስከ አንገቴ ይደርስ ነበር፤ በልብስ መለኪያዬ ለክቼዋለሁ፣ አንድ ሜትር ከአርባ ነው። እርስዎም ነጩን ግድግዳ በሩቁ አይተው የውሃ ምልክት ስላልተገኘ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው ብለው ጻፉ። የመቀባቱ ሞኝነት የእኛ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን አስቀብተው ሲያበቁ አላየሁም ማለትዎን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ።

3ኛ/ በዚያ ወረቀት ምክንያት ለእኛ ታስቦ የነበረው፣ ጎርፉን የሚገታው በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ካብ ቀረ። ጎረቤቴ እትዬ ሽብሬ እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ በነሐሴው ጎርፍ ሌላው ጎረቤታችን ጋሼ ሁንዴሳ የጣሪያውን ቆርቆሮ ነቅለው ነው በላይ በኩል ጎትተው ያወጧቸው። እትዬ ዛሬም የሚያድሩት እዚያው ቤት ነው፣ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። እርሳቸው ደግ ስለሆኑ ይመርቁዎታል፤ እኔ ግን ይቅር አልልዎትም።

ስለዚህ ውለታዎን እንመልስ ብለን ጎረቤታሞች መከርን። ቢሮ ጠበበኝ እያሉ ቤት ሲያፈላልጉ መክረምዎን ስለሰማን፣ በእኔና በእትዬ ሽብሬ ቤት መካከል ባዶውን የቆመው የቀበሌ አዳራሽ እንዲሰጥዎ አመለከትን። የሚመለከታቸው ሰዎች ጎርፉን ፈርተው ሊያመነቱ ሲሉ፣ የራስዎን ጥናት፣ ፊርማዎና ማኅተሙ ያረፈበትን ገጽ አያይዘን አቀረብንላቸው። በዚያው ቀን ተፈቀደ። ከሰኔ አንድ ጀምሮ ጎረቤታችን ነዎት፣ እንኳን ደስ ያለዎት!

መምጣቱ ካልተመቸዎት መላ አለው፤ ጥናቴ ስህተት ነበር ብለው ይጻፉ፣ ይፈርሙ፣ ካባችንንም ያስመልሱልን። ከሁለቱ አንዱን ሳያደርጉ ግን አንለቅዎትም።

አዲሱን ጎረቤቷን በናፍቆት የምትጠብቅ፣
ለልክዎ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የተቀመጠች አክባሪዎ፣
ኡምሰልማ አብዱረዛቅ፣ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለለገ ሀርቡ ጅረት፣ አድራሻዎን እንዲያውቀው

ማስታወሻ፦ አዳራሹን በትእዛዝዎ መሠረት ኖራ ቀብተንልዎታል። ከወንበርዎ በስተጀርባ ያለውን ግድግዳ ብቻ ሳንነካው ተውነው፣ የነሐሴው መስመር አሁንም እዚያ አለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ፤ ከአናቴ በላይ ነው።