ለሐዘን ካልሆነ የማይወጡት አራት መነጽሮች

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር ፲፬ ቀን

ለ«ቸር ያሰማን» የመረዳጃ እድር ዳኛ
ለተከበሩ አቶ ይሄይስ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን፣ መላው ቤተሰብዎንና የተከበሩትን የኮሚቴ አባላት እንደ ምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ዓይንዎም ቅርቡንና ሩቁን ያለ ድካም የሚለይ እንዲሆንልዎ የዘወትር ጸሎቴ ነው። እኔም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ዕድሜዬ ከሰማንያ አንድ ዓመት፣ ጉልበቴ ከምርኩዝ፣ ትዕግሥቴም ከእድራችን ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ጋር ተላምደው ይኖራሉ።

ጉዳዬን በቃል አምስት ጊዜ፣ በማመልከቻ ሁለት ጊዜ አቅርቤ በሰባቱም ጊዜ «ይታያል» የሚል መልካም መልስ አግኝቻለሁ። ይታያል የተባለውን ነገር ሌሎች አባላትም አብረው ቢያዩት ለኮሚቴው ድካም ይቀንስለታል ብዬ ስላሰብሁ፣ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ነገሩ ስለ አራት ጥቁር መነጽሮች ነው።

ለማያውቁ አባላት ላስረዳ። በቡሬ ከተማ ሰርግ በመቅረጽ የሚተዳደረው ልጄ መሐሪ ከዓመታት በፊት፣ ከእንግዲህ ሰርግ ሁሉ በስሪ ዲ ነው የሚቀረጸው ብሎ፣ ባለ ሁለት ዓይን ካሜራና ምስሉን ከመስታወቱ አውጥቶ ሳሎን መካከል የሚያቆም ቴሌቪዥን ገዛ። የቡሬ ሙሽሮች ግን መስታወቱ ውስጥ መቅረትን ስለመረጡ ገበያ አላገኘም፤ ቴሌቪዥኑም በጡረታ ወደ እኔ ቤት ተላከ። ሁለታችንም ጡረተኞች ነበርንና ተግባባን። ጠባዩ እንዲህ ነው፦ በስሪ ዲ የተቀረጸውን በባዶ ዓይን ሲያዩት ነገር ሁሉ ከራሱ ጋር የተጣላ ይመስል ሁለት ሁለት እየሆነ ይደበዝዛል። ከእርሱ ጋር የመጣውን ጥቁር መነጽር ሲያደርጉ ግን ሁለቱ ምስሎች ታርቀው አንድ ይሆኑና ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ሰው ይመጣሉ።

ጎረቤቴ አለቃ ገብረሰንበት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ዕለት መርከብ ወደ እርሳቸው ሲገሰግስ፣ በርጩማቸውን ወደ ኋላ እየሳቡ እየሳቡ ጓዳ ደርሰው፣ «እኔስ ከዚህ ሆኜ ልየው፤ ዋና አልችልም» ያሉት እስከ ዛሬ በሰፈሩ ይነገራል። ባለቤቴ አልጣሽ ደግሞ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ራሷ በሠራችው ዳንቴል ትሸፍነው ነበር። ለምን እንደምትሸፍነው ስትጠየቅ፣ «ምን ይታወቃል፣ ተኝተን ሳለን የወጣ እንደ ሆነስ» ትላለች።

በዚያው ካሜራ መሐሪ እናቱን ግሽ ዓባይ ለጠበል በሄድንበት ጊዜ ቀረጻት። ርዝመቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ልጄ ካሜራውን ይዟል፤ እኔ ከኋላው ቆሜ እንዴት እንደሚቀረጽ አስተምረዋለሁ፤ ማስተማር ልማዴ ነውና። አልጣሽ ጠበሉን በጣሳ ቀድታ፣ ቁልቁለቱን ቀስ ብላ ወርዳ ወደ እኛ ትመጣለች። ካሜራው ፊት ስትደርስ ጣሳውን ወደ እኔ ትዘረጋና፣ «እንኩ ይቅመሱት እንጂ፤ ሲናገሩ ውለው ጉሮሮዎ ደረቀ እኮ» ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው፣ «እጅሽን ዝቅ አድርጊው፣ ካሜራውን ጋረድሽው» የሚለው ድምፅ የእኔ ነው። ዝቅ አደረገችው።

መነጽሩ ሲኖር ያ ጣሳ ከመስታወቱ ወጥቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ ከደረቴ አንድ ስንዝር እስኪቀረው ድረስ ይመጣል። አልጣሽ ካረፈች በመጪው ጥር ሁለት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን አላየሁትም። ምክንያቱን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አስቀድሜ ላመስግን። አልጣሽን እድራችን በክብር ቀብሮልኛል። ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ፤ አግዳሚው አልጎደለም፤ ሰውም አልቀረብኝም። ይህን ስል ሌላ ትርጉም አይፈለግበት፤ እስክሞት አልረሳውም። የዚያን ዕለት ሴቶች ልጆቼ ሰብለና ዮርዳኖስ ዓይናቸው በልቅሶ ስላበጠ፣ አንድ ደግ ሰው ከቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መሳቢያ አራቱን ጥቁር መነጽሮች አውጥቶ ለእነርሱና ለአክስቶቻቸው ሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል መነጽሮቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። የእድራችን ንብረት ሰብሳቢዎችም ድስቱን፣ ጆጉን፣ ብርጭቆውንና አግዳሚውን በታወቀው ትጋታቸው ሲለቅሙ እነርሱንም ለቀሙ። በማግስቱም «ጥቁር መነጽር፣ ብዛት አራት፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ» ተብለው በንብረት መዝገብ ሰፈሩ። ከእድራችን ስንት ማንኪያ እንደ ጠፋ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለዋል፤ እኔ ግን አንዲት ማንኪያ እንኳ ሳይጠፋ ትርፍ የተገኘበት ብቸኛው ለቅሶ የባለቤቴ መሆኑን ሳስብ ኩራት ይሰማኛል።

ሁለተኛ፤ መነጽሮቹን ለመጠየቅ ወደ ግምጃ ቤቱ ስሄድ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሲሳይነሽ ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ፣ መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ፤ ቀጥለውም፣ «መዝገብ ከገባ ወዲያ የእድር ነው፤ እኔ ምን ላርግዎ የኔታ? ይኸው ደንቡ፣ ራስዎ የጻፉት አይደለም ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የመተዳደሪያ ደንባችንን ከሠላሳ ዓመት በፊት የጻፍሁት እኔ ነኝ። በዚያን ዘመን የነበሩት ዳኛ የእድሩን ድስት ለልጆቻቸው ሰርግ እየወሰዱ አሳርረው ስለመለሱት፣ «የእድሩ ንብረት ለሐዘን ካልሆነ በቀር ከግምጃ ቤት አይወጣም» የሚለውን አንቀጽ አሥራ ዘጠኝን አስገባሁ። ጽፌ እንደ ጨረስሁ ለአልጣሽ አነበብሁላት፤ እርሷም፣ «ጥሩ ነው፤ ግን እርስዎንም እንዳያስቀርዎ» አለችኝ። ሳቅሁባት። በሕይወቴ ብዙ ጽፌአለሁ፤ አብዛኛውን ያነበበው የለም። ቃል በቃል የሚፈጸምልኝ ጽሑፍ ይህ አንቀጽ ብቻ ስለ ሆነ፣ በዚህ ረገድ ኮሚቴው ለአንድ አዛውንት ጸሐፊ ያደረገው ውለታ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ሦስተኛ፤ መነጽሮቹ ባዶ እጃቸውን እንዳልተቀመጡ፣ ለቅሶ ከደረሰበት ቤት ሁሉ እየዞሩ እንደሚያገለግሉ እሰማለሁና ደስ ይለኛል። ብቻ ለጥንቃቄ ያህል ላሳስብ፤ እነዚህ እንደ ሌላው መነጽር የጸሐይ መከላከያ አይደሉም። በውስጣቸው ባትሪ አለ፤ ከላይ በኩል ያለው ቁልፍ በስሕተት ሲነካ ቴሌቪዥናቸውን ፍለጋ ቀይ መብራት ያበራሉ። ባለፈው ዓመት አንድ አባላችን አባታቸውን ማንኩሳ ሲቀብሩ፣ ቀሳውስቱ ፍትሐት በሚያደርሱበት ሰዓት በአባላችን ግንባር ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱንና ቀባሪው፣ «አባቱን እየቀበረ ይቀርጻል እንዴ?» እያለ መንጫጫቱን ሰምቻለሁ። የሟች ወንድም መነጽሩን ነጥቀው ሊሰብሩት ሲሉ በሽማግሌ የተገላገለው መነጽር የእኔ ነው። መነጽሬን ያተረፉልኝን ሽማግሌዎች ባላውቃቸውም በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ሌላ መፍትሔ አልፈለገም እንዳልባል፣ ልጄ ምትክ መነጽር ፍለጋ እስከ ባሕር ዳር ደርሷል። ነጋዴዎቹም ዕቃው ዘመን ያለፈበት መሆኑን፣ ፋብሪካዎቹም መሥራት ማቆማቸውን ነግረውታል። እዚህ ከተማችን ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው ዘሩ ደግሞ አዝኖልኝ ቤቴ ድረስ መጣና ምስሉ ያለ መነጽር እንዲታይ አድርጎ አስተካከለው። አየሁት። አልጣሽ ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ፣ ጣሳውም እዚያው መስታወቱ ውስጥ ቀርቶ አየሁ። «እንዲህ ከሆነስ ፎቶግራፍ አለኝ» ብዬ ወደ ነበረበት እንዲመልሰው ለመንሁት። «ያው አይደሉም ወይ፣ አባባ?» አለኝ። ያው አይደሉም።

አምስተኛ፤ ባለፈው ክረምት በጽሕፈት ቤትዎ ተቀብለው ካነጋገሩኝ በኋላ፣ «የኔታ፣ ምን ያስቸኩልዎታል? በቤትዎ ሐዘን ሲደርስ ያለ ክርክር ይሰጥዎታል» በማለት አጽናንተው ሸኝተውኛል። ይህን ቃልዎን መንገድ ለመንገድ እያሰብሁ ሄድሁ። ልጆቼ የየራሳቸው ቤትና የየራሳቸው እድር አላቸው። በእኔ ቤት የምኖረው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ በቤቴ ሊደርስ የሚችለው ሐዘን አንድ ሲሆን፣ መነጽሮቼም የሚመጡልኝ በዚያው ዕለት ነው። በዚያን ቀን የማይቀር ቀጠሮ ስለሚኖርብኝ ቴሌቪዥን ለማየት የሚመቸኝ አይመስለኝም። ደንቡ ሐዘን ሦስት ቀን ነው አይልም፤ ሦስት ቀን የሚለው የድንኳኑ ኪራይ ነው። እኔ ያልጨረስሁትን ሐዘን ኮሚቴው በምን መዝገብ እንደ ዘጋው ግን አልተገለጸልኝም።

ተራ ቁጥር ያልሰጠሁት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለምን እንደምቸኩል ለጠየቁኝ ነው። በመስከረም ወር ዓይኔን የመረመረችኝ ሐኪም፣ «አባባ፣ የግራው ዓይንዎ በግፊት ምክንያት እየሄደ ነው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን እንዲቆይ እንሞክራለን፤ ምናልባት እስከ ፋሲካ» ብላኛለች። ደግ ልጅ ናት፤ እየደጋገመች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይህ ቴሌቪዥን ደግሞ በአንድ ዓይን አይሆንለትም። ሁለቱን ምስሎች የሚያስታርቃቸው ሁለት ዓይን ነው፤ አንዱ ከጠፋ መነጽር ቢኖርም ባይኖርም ጣሳው ከመስታወቱ አይወጣም። እንግዲህ ከኅዳር እስከ ፋሲካ ምን ያህል ጊዜ እንዳለ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ደንብ የሚያሻሽለው ጠቅላላ ጉባኤያችን የሚሰበሰበው በሐምሌ ነውና።

የምለምነው ብዙ አይደለም። አራቱንም መነጽሮች አልጠይቅም፤ አንዱ ይበቃኛል። በስጦታ ሳይሆን በውሰት፣ በፊርማ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይሰጠኝ። ኮሚቴው የሚጠራጠረኝ ከሆነ ወይዘሮ ሲሳይነሽ መዝገባቸውን ይዘው መጥተው ከጎኔ ይቀመጡ። የግራ ዓይኔ ከጨለመ በኋላ አራቱንም ለዘለቄታው ለእድሩ በጽሑፍ አስረክባለሁ፤ ቴሌቪዥኑንም እጨምራለሁ፤ የሚሸፍነው ዳንቴል ግን ለልጆቼ ይሁን።

ኮሚቴው ሥራ እንደሚበዛበት አውቃለሁ። የሙታኑን ጉዳይ በጊዜው የሚያስፈጽም አካል በሕያዋኑ ጉዳይ ቢዘገይ አይፈረድበትም፤ ሕያዋን መጠበቅ ይችላሉና። ስለዚህም ለተደረገልኝ፣ ለሚደረግልኝና «ይታያል» ለተባለልኝ ነገር ሁሉ ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ፈጣሪ እድራችንን ሥራ እንዲያሳጣው፣ እርስዎንም በወንበርዎ ላይ በጤና እንዲያቆይልን እመኛለሁ።

ደንቡን በጻፈችው እጅ ፈርሞ፣ ደንቡን በምታስፈጽመው እጅ ፊት ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ፣

መምህር ኪዳነ ማርያም
የ«ቸር ያሰማን» እድር አባል፣ ተራ ቁጥር ሰባት
የአልጣሽ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በዋናው መንገድ በባጃጅ ሲያልፉ አየሁዎት፤ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላምታ አቀረብሁ፤ ጸሐዩ ብርቱ ስለ ነበር ሳያዩኝ አልፈዋል። በዓይንዎ ላይ ከመነጽሮቹ አንዱ ነበር፤ አልጣሽ ለምልክት በጆሮ ማንጠልጠያው ያሰረችበትን ሰማያዊ ክር ከሩቅ ለይቼዋለሁ። ደንቡ ለሐዘን ካልሆነ አይወጣም ስለሚል፣ በቤትዎ ሞት መድረሱን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ጥሩንባም ሳልሰማ፣ ቀብርም ሳልውል፣ ለቅሶም ሳልደርስዎ መቅረቴ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ፈጣሪ ያጽናዎ። የሟቹን ስም ቢልኩብኝ በማግስቱ እመጣለሁ፤ ብቻ ሰው ሳይመራኝ፣ መንገዱን በሁለት ዓይኔ እያየሁ ብደርስ እመርጣለሁና አይዘግዩብኝ።